ብርቱ አርማታ በእሳት ፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ቀን፥ በመጨረሻው ክፍል ያለን ተማሪዎች ስለ አንድ የሳይንስ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው አርእስት ለበዓል ቀን ከበድ ያለ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም፥ «እሳትና ከፍተኛ ሙቀት ብርቱ የተባለውን አርማታ ምን ያደርገዋል?» የሚል ነው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። ከዚህ ተነሥተን ወደ አስፋልቱ መንገድ ብንወጣ፥ አባቶቻችን በእንጨትና በጭቃ ሠርተው በሣር ወይም በቆርቆሮ ይከድኑት የነበረው ቤት ስፍራውን ለብሎኬትና ለአርማታ ሲለቅ እናያለን። በደብረ ማርቆስማ ፎቅ በፎቅ ላይ ይደረባል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ቤታችን ሲለወጥ እውቀታችንም አብሮ መለወጥ አለበት። የሣር ክዳን ከእሳት ጋር ያለውን ጠባይ ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የአርማታን ጠባይ ግን ገና አልተማርነውም።

ብዙ ሰው «አርማታ እሳት አይበላውም» ይላል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። አርማታ እንደ እንጨት ነድዶ አመድ አይሆንም። ሙቀትም በውስጡ የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ፥ ፊቱ በእሳት ሲለበለብ ከፊቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚገኘው ክፍል ለብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ራቁቱን ከቆመ ብረት ይልቅ እሳትን የሚታገሠውም ስለዚህ ነው። የቀረው ግማሽ ግን እውነት አይደለም፤ አለመቃጠልና አለመድከም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አርማታ ሳይቃጠል ሊደክም ይችላል። ቅርጹንም ሳይለውጥ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ለመረዳት አስቀድመን አርማታ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አርማታ ከስሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውኃ ይሠራል፤ በመካከሉም ፌሮ ይገባበታል። ስሚንቶ የሚጠነክረው ጭቃ እንደሚጠነክረው ደርቆ አይደለም። ውኃውን ወደ ራሱ ወስዶ፥ ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ፥ አዲስ ድንጋይ ስለሚሆን ነው። ግንበኞቻችን አዲስ የፈሰሰውን ሶሌታ ለብዙ ቀን ውኃ የሚያጠጡትም ለዚህ ነው። እንግዲህ በጠነከረ አርማታ ውስጥ ሁለት ዐይነት ውኃ አለ ማለት ነው፤ አንደኛው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የተቀመጠ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከስሚንቶው ጋር ተዋሕዶ የድንጋዩ አካል የሆነው ነው። እሳት ሲመጣ የመጀመሪያው ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለተኛውም ይከተላል። ሁለተኛው ሲወጣ የሚፈርሰው ራሱ ድንጋዩ ነው።

ተራ ለቤት የሚሆን አርማታ 28 ቀን ሲሞላው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 250 ኪሎ ያህል ጭነት ይችላል። ይህም በአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፍራ ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ እንደ መጫን ነው። በዘመናችን ግን መሐንዲሶች ከዚህ እጅግ የበረታ አርማታ ይሠራሉ። ይህኛው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 600 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሸከማል፤ 1,000 ኪሎ የሚደርስም አለ። ምሥጢሩ ውኃን መቀነስ ነው። ለአንድ ከረጢት፥ ማለት ለ50 ኪሎ ስሚንቶ፥ ግንበኛ 25 ወይም 30 ሊትር ውኃ ሲያደርግ፥ ለብርቱው አርማታ ከ15 እስከ 17 ሊትር ይበቃል። ድብልቁ እንዳይገግር የሚያላላ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ከስሚንቶ ቅንጣት መቶ ጊዜ ያህል የደቀቀ የሲሊካ ዱቄትም ገብቶ ጥቃቅኑን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍነዋል። ስለዚህ ውኃ አያስገባም፤ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል፤ ቀጭን ምሰሶም ብዙ ፎቅ እንዲሸከም ያደርጋል። ረጃጅም ሕንፃዎችና ታላላቅ ድልድዮች ይህን ዐይነት አርማታ የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መልካም ነገር ያለው አርማታ እሳት ቢነካው ምን ይሆናል? በአንድ ቤት ውስጥ የተነሣ እሳት ምን ያህል እንደሚሞቅ አስቀድመን እንናገር። መሐንዲሶች ሕንፃን በሚፈትኑበት ደንብ መሠረት፥ እሳቱ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምድጃው ሙቀት ወደ 840 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ940 ዲግሪ ያልፋል።

ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ በቀዳዳው ያለው ውኃ ይፈላል። ከዚያ በላይ በስሚንቶው የተያዘው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መልቀቅ ይጀምራል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መካከል በስሚንቶው ድንጋይ ውስጥ ያለው ኖራ ውኃውን አጥቶ፥ አሁን ከእቶን እንደ ወጣ ኖራ ይሆናል። በ573 ዲግሪ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋና የድንጋይ ዐይነት ጠባዩን ለውጦ በድንገት ያብጥና ዙሪያውን ይሰነጥቃል። ከ700 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጠጠሩ የኖራ ድንጋይ የሆነ እንደ ሆነ እርሱ ራሱ መፍረስ ይጀምራል። ፌሮውም ቢሆን 600 ዲግሪ ሲደርስ የጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል።

በአውሮፓ የሕንፃ ደንብ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። ተራው አርማታ ጉልበቱ 100 ነው ብንል፥ በ300 ዲግሪ 85፣ በ400 ዲግሪ 75፣ በ600 ዲግሪ 45፣ በ800 ዲግሪ 15 ብቻ ይቀርለታል። ከሁሉ የበረታው አርማታ ግን ገና በ100 ዲግሪ ወደ 75፣ በ300 ዲግሪ ወደ 65፣ በ400 ዲግሪ ወደ 45 ይወርዳል። በ400 ዲግሪ ተራው ሦስት እጅ ጉልበቱን ይዞ አንድ እጁን ብቻ ሲያጣ፥ ብርቱው ግን ከግማሽ በላይ አጥቷል ማለት ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ብርቱው ከብዙ ስለ ተነሣ የቀረለትም ቢሆን ከተራው ይበልጣል» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ምሰሶው ብርቱ ነው ተብሎ ቀጥኖ ተሠርቷል፤ ብዙ ጭነትም ተጭኖበታል። ብዙ የተጫነ በቅሎ ሲደክም መንገድ ላይ ይወድቃል።

ከዚህም የሚከፋ ሌላ አደጋ አለ። ብርቱ አርማታ በእሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ይህም እንግዳ ነገር አይሁንባችሁ፤ እናቶቻችን በየቀኑ የሚያዩት ነው። የፈንድሻ በቆሎ ምጣድ ላይ ሲጣል የሚፈነዳው ለምንድር ነው? በውስጡ ያለው ጥቂት እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ልጡ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ መውጫ ያጣል፤ በመጨረሻ በርግዶት ይወጣል። ልጡ የተሰነጠቀ በቆሎ ግን አይፈነዳም፤ እንፋሎቱ በስንጥቁ ይወጣለታልና። ሸክላ ሠሪዎቻችንም ይህን ሳይንስ ሳይማሩት ያውቁታል። እንስራውን ወይም ጀበናውን በሚገባ ሳያደርቁት ወደ እሳት አያገቡትም። እርጥብ ሸክላ በድንገት እሳት ቢነካው እንደሚፈነዳ ልምድ አስተምሯቸዋል።

እኛም ይህን በዐይናችን ለማየት፥ ከመምህራችን ጋር ሆነን በግቢያችን ትንሽ ሙከራ አድርገን ነበር። ከአንድ የስሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ሁለት ቁራጭ ሠርተን፥ ሁለቱም ከጠነከሩ በኋላ አንዱን ለብዙ ሳምንት በፀሐይ አደረቅነው፤ ሁለተኛውን ውኃ ውስጥ አቆየነው። ከዚያ ሁለቱንም በፍም ላይ አስቀምጠን፥ በብረት ክዳን ሸፍነን፥ ራቅ ብለን ቆምን። የደረቀው ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። እርጥቡ ግን ብዙ ሳይቆይ ድም አለ፤ ክዳኑንም ስናነሣው ጠርዙ ረግፎ አገኘነው። ድብልቁ አንድ፥ እሳቱም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ በውስጥ የቀረው ውኃ ብቻ ነበር። ይህን ሙከራ ግን ያለ መምህር ማንም እንዳይሞክረው ታናናሾቻችንን እንለምናለን።

አሁን የብርቱውን አርማታ ነገር እናስብ። ተራው አርማታ ቀዳዳ ስላለው እንፋሎቱ እየተነፈሰ ይወጣል። ብርቱው ግን ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። ውኃ እንዳይገባ የተዘጋው በር እንፋሎት እንዳይወጣም ተዘግቷል። ከዚህም ጋር ፊቱ በሙቀት ሲሰፋ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። በዚህ ጊዜ የፊቱ ክፍል እየተፈነቀለ ይረግፋል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ጥይት ድምፅ እያሰማ ይፈነዳል። ይህም ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እሳቱ በተነሣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ፊቱ ሲረግፍ ፌሮው ራቁቱን ይቀራል፤ ራቁቱን የቀረ ፌሮም ፈጥኖ ይሞቃል፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሕንፃው ደኅንነት ማንም አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ ነገር አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996፥ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ከባሕር በታች በሚያገናኘው ዋሻ ውስጥ ካሚዮኖችን በጫነ ባቡር ላይ እሳት ተነሣ። በዚያ ሰው አልሞተም። የዋሻው ግድግዳ ግን ከብርቱ አርማታ የተሠራ ነበርና፥ እሳቱ በበረታበት ስፍራ ውፍረቱ አብዛኛው እየፈነዳ ረገፈ። በዚያ ስፍራ ከግድግዳው የቀረው በጣም የሳሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለም መሐንዲሶች ብርቱ አርማታን ስንት ይሸከማል ብለው ብቻ አይጠይቁትም፤ እንፋሎቱ በየት ይወጣል ብለውም ይጠይቁታል።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ቅርብ ነው። ከአምበር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፥ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ይሻገራል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው ይህ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፥ አርማታው በተወጠሩ የብረት ገመዶች ተይዞ ገደሉን ይሻገራል። በዚያው መንገድ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ይመላለሳሉ። ድልድይ በገላጣ ስፍራ ስለሆነ ሙቀቱ እንደ ዋሻ አይታፈንበትም። ቢሆንም የነዳጅ እሳት ከእንጨት እሳት ይልቅ ፈጥኖ የሚግል በመሆኑ፥ ቦቴ ነጂዎች በድልድይ ላይ የሚያደርጉት ጥንቃቄ የመንገድ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ የአርማታውንም ዕድሜ መጠበቅ ነው። ደግሞም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ታላቅ ቃጠሎ ሁላችንም ሰምተናል። በጨርቅና በሸቀጥ የታጨቀ ገበያ ምን ያህል እንደሚነድ ያን ዕለት ታይቷል። የነገዎቹ ገበያዎቻችን ደግሞ በአርማታ የሚሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸውም የሚከማቸው ያው ጨርቅና ያው ሸቀጥ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው አርማታን ለማስጠላት አይደለም። መድኃኒቱ ታውቋል፤ ብዙም ውድ አይደለም። ብርቱ አርማታ በሚሠራበት ጊዜ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ጭረት ይደባለቅበታል፤ መጠኑም ለአንድ ሜትር ኩብ 2 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ጭረት ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ሙቀቱ ወደ 165 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጥና በስፍራው ቀጭን መንገድ ይተዋል፤ እንፋሎቱም በዚያ ይወጣል። በፈንድሻው ምሳሌ ብንናገር፥ በቆሎው ሳይፈነዳ በፊት ልጡን በመርፌ እንደ መብሳት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት የድንጋዩ ምርጫ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ይሁን እንጂ ማንኛዋም እናት ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ ለጉልቻ አታደርግም፤ እሳት ላይ የሚሰነጠቅ ድንጋይ እንዳለ ታውቃለችና። የጠጠርም ነገር እንዲሁ ነው። ይህ የጎጃም ደጋ በሞላበት ጥቁር ድንጋይ፥ ባዛልት በሚባለው፥ ልንደሰት ይገባናል፤ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ እንደ ኳርትዝ በድንገት አያብጥም።

ሦስተኛው መድኃኒት ለማንኛውም አርማታ፥ ለተራውም ጭምር፥ የሚሆን ነው። ፌሮው ከአርማታው ፊት ጠለቅ ብሎ ይቀመጥ። አንዳንድ ጊዜ በችኮላ ፌሮው ከሳንቃው ጋር ተጣብቆ ሲፈስበት እናያለን። ሳንቃው ሲነሣ ፌሮው ይታያል፤ በልስንም ይሸፈናል። ይህ ልብስ የለበሰ ይመስላል እንጂ አልለበሰም። ፌሮውን ከእሳት የሚጠብቀው በላዩ ያለው የአርማታ ውፍረት ነውና፥ ከዚያ ላይ የተቀነሰች አንዲት ሴንቲሜትር በቃጠሎ ቀን የብዙ ደቂቃ ዕድሜ ናት። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ልጆች ደረጃውን ወርደው ሊወጡ ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልንናገር የፈለግነው ግን ከቃጠሎ በኋላ ስላለው ነገር ነው። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል የአገራችን ሰው። ለአርማታ ይህ ተረት አይሠራም። እሳት ያየው አርማታ ካላየው ይለያል፤ ልዩነቱም ሁልጊዜ በዐይን አይታይም። ቃጠሎ የደረሰበት ሕንፃ ጥላሸቱ ተጠርጎ፥ ልስን ተለስኖ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ እንደ ቀድሞው ሲከራይ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን አርማታ ሲቀዘቅዝ የጠፋው ጉልበቱ አይመለስለትም። እንዲያውም ይብስበታል። ቀደም ብለን የተናገርነው በውስጡ ያለ ኖራ ከአየር እርጥበት ይወስዳል፤ ከእቶን የወጣ ኖራ ውኃ ሲፈስበት እንደሚያብጥ ሁሉ እርሱም በአርማታው ሆድ ውስጥ ያብጣል፤ ከውስጥም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በቃጠሎው ማግስት የቆመ ምሰሶ ከሳምንታት በኋላ ከዚያ ዕለት የደከመ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እሳት የነካው አርማታ ከመለሰኑ በፊት ይመርመር። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይናገራል፤ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ያደላ እንደ ሆነ 300 ዲግሪን ያለፈ ሙቀት አግኝቶታል፤ ከ600 ዲግሪ በላይ ደግሞ ወደ አመድማ ነጭነት ይሄዳል። ሁሉም ድንጋይ ግን ይህን ቀለም ስለማይሰጥ፥ ቀለሙ አልተለወጠም ብሎ መዝናናት አይገባም። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቅል ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ግን ተላቅቋል። የመጨረሻው ፍርድ የመሐንዲስ ነው፤ ከምሰሶው ቁራጭ አውጥቶ በመሣሪያ ይፈትነዋል። የምርመራው ዋጋ ከቀለሙ ዋጋ ይበልጥ ይሆናል፤ ከሰው ነፍስ ዋጋ ግን አይበልጥም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፤ እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ይኖራል፤ ግንበኛ የሚሆን ይኖራል፤ ነጋዴም ሆኖ ሕንፃ የሚያሠራ አይጠፋም። ማንኛችንም ብንሆን «ብርቱ ነው» የሚለውን ቃል ስንሰማ፥ «በምን ፊት ብርቱ ነው?» ብለን መጠየቅን እንልመድ። ለጭነት የበረታ ለእሳት ላይበረታ ይችላል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሰው በእያንዳንዱ የሕንፃ ሥራ ላይ ቢገኝ፥ በዚያ ጣራ ሥር የሚተኛው ቤተሰብ እፎይ ብሎ ያድራል።